ለስሙ የሚሞት ሰው ምን እያሰበ ነው?

ከአርማጭሆ ወይም ከጭልጋ በኩል «በደም ይፈላለጉ ነበር፣ ተገዳደሉ» የሚል ወሬ ጎንደር ከተማ ሲደርስ ካፌ ውስጥ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንዱ «ኧረ በዚህ ዘመን! ኋላቀርነት እኮ ነው» ይላል። ሌላው ማኪያቶውን እያማሰለ «ታዲያ ምን ያድርግ? የወንድሙ ገዳይ ፊት ለፊቱ ሲንጎራደድ ዝም ብሎ ይይ?» ይላል። ከዚያ ወሬው ወደ ኳስ ይዞራል።

ሁለቱም ነገሩን የጨረሱት ይመስላቸዋል። ለክብር ብሎ መግደልና መሞትን ግን የጎንደር ገጠር አልፈጠረውም። የሩሲያ ትልቁ ገጣሚ የሞተው በዚሁ ነው። ሥልጣን ላይ የነበረ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሰው የገደለው በዚሁ ነው። ከቋራ የተነሳው ቴዎድሮስም መቅደላ ላይ የጨረሰው በዚሁ ነው። ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም። እያንዳንዳቸው የሚያውቁት ደንብ ነበራቸው፣ ደንቡ ደግሞ ከአገር አገርና ከዘመን ዘመን በጣም ይለያያል። እስኪ ከሥሩ እንየው። (የእኛን ታሪክ በዓ.ም.፣ የውጭውን በእ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው።)

የትኛውን ክብር ነው የምናወራው?

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ሰው ሆኖ በመወለድ ብቻ የሚገኝ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 24 ላይ ማንኛውም ሰው ሰብዓዊ ክብሩ ይከበርለታል ሲል መነሻው ይህ ነው። ሀብታምም ደሃም፣ ጀግናም ፈሪም እኩል አላቸው። ማንም አይሰጥህም፣ ማንም አይነጥቅህም።

ሌላው ሰው የሚሰጥህ ነው። ሠርግ ቤት ስትገባ «ወደ ላይ፣ ወደ ላይ» የሚያስብልህ፣ እድር ስብሰባ ላይ አፍህን ስትከፍት ጸጥ የሚያሰኝልህ፣ ለልጅህ ሚስት ስትጠይቅ «የማን ልጅ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሆንህ። ይሄኛው ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም በአንድ ቀን ጥፍት ይላል። ተመልካች ከሌለ ደግሞ እሱም የለም። ሰው የሚጋደለው ለዚህኛው ስለሆነ ከዚህ በታች ክብር ስል እሱን ማለቴ ነው።

ሰው ለስም ብሎ ነፍሱን የሚሰጠው ለምንድነው?

ፖሊስ ጣቢያው የአንድ ቀን መንገድ የሚርቅበት ቦታ አስብ። ሀብትህ ከብት ነው። መሬት በሌሊት አይሰረቅም፣ ከብት ግን ሲነጋ ድንበር ተሻግሮ ሊገኝ ይችላል። ማን ይጠብቅልህ? ስምህ ነው የሚጠብቅልህ። «እሱን አትንካ፣ አይለቅህም» ከተባለልህ ከብትህ በሰላም ያድራል።

የእሾህ አጥር በረትን የሚጠብቀው የመጣውን ሌባ ሁሉ እየወጋ አይደለም። እሾህ መሆኑ ከሩቅ ስለሚታይ ነው። ክብርም እዚያ አካባቢ እንደዚያ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ለከተማ ሰው «ለዚች ለምታክል ስድብ!» የሚያሰኘው ነገር ለባለቤቱ ትንሽ አይደለም። አንድ ሰው አጥሩን ነካ አድርጎ እየሞከረ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቆሞ ያያል። ዛሬ ዝም ያለ ሰው ነገ በሬው አይኖርም።

ይህን በሙከራ ለማየት የሞከሩም አሉ። ሪቻርድ ኒስቤትና ዶቭ ኮኸን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎችን በጠባብ ኮሪደር አሳለፉ። መንገድ ላይ አንድ ሰው ትከሻቸውን ገጭቶ ይሰድባቸዋል፤ ሰውዬው የተላከ መሆኑን ተማሪዎቹ አያውቁም። ከሰሜን የአሜሪካ ግዛቶች የመጡት አብዛኞቹ ስቀው አለፉ። የደቡቦቹ ተናደዱ፤ በምራቃቸው ውስጥ የተለካው የጭንቀት ሆርሞን ሳይቀር ከፍ አለ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ አንድ ግዙፍ ሰው ፊት ለፊታቸው ሲመጣባቸው፣ የተሰደቡት ደቡቦች መንገድ የለቀቁለት ሊጋጩ ጥቂት ሲቀራቸው ነው። ጥናቱ በ1996 ታተመ። የተመራማሪዎቹ ግምት የደቡብ ነጮች ብዙዎቹ ከብት አርቢ ከነበሩ ስኮትላንዳውያንና አየርላንዳውያን ስለሚወለዱ ነው የሚል ነው። ግምቱን የማይቀበሉ ምሁራን አሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ እነዚህ ልጆች ከብት የላቸውም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ከብቱ ከሄደ ቆይቷል፣ ደሙ አሁንም ይፈላል።

እኛ ጋ ደም የሚባለው ነገር እንዴት ነው የሚሄደው?

ሰው ሲገደል ዕዳው በቤተሰቡ ላይ ይቀራል። ገዳዩ ከታጣ ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ ሊፈለግ ይችላል። ወንድ ልጅ ሕፃን ከሆነ እስኪያድግ ይጠበቃል። ማንም ሕግ ጽፎ «ግደል» አላለውም፤ ግፊቱ የሚመጣው በትንሽ በትንሹ ነው። ለቅሶ ላይ አልቃሿ በሙሾዋ መሃል «ወንድ የለውም ወይ» የምትል ነገር ጣል ታደርጋለች። ጠላ ቤት ቀረርቶ ሲጀመር ዓይን ወደ እሱ ይዞራል። አንዳንዱ ሰላምታውን ያሳጥርበታል። እናቱ ምንም ላትል ትችላለች፣ የአባቱ ጠመንጃ ግን ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው።

ድሮ መንግሥትም ይህን አይቃወምም ነበር። በፍትሐ ነገሥት መሠረት ዳኛ ገዳይን ጥፋተኛ ካለ በኋላ ለሟች ዘመዶች አሳልፎ ይሰጠው ነበር። ዘመዶቹ ይገድሉታል፣ ወይም የደም ዋጋ ተቀብለው ይለቁታል። መንግሥት የሚያደርገው ነገሩን በሥርዓት ማስኬድ ነበር። ቅጣቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ራሱ የወሰደው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው።

እርቁን በቅርበት ብታየው ግን ከግድያው ይበልጥ የተራቀቀ ነው። ሽማግሌዎችና ካህናት መስቀል ይዘው ወደ ሟች ቤት ይሄዳሉ። ይባረራሉ። መባረር አለባቸው፤ መጀመሪያ ቀን እሺ ያለ ቤተሰብ «የልጁን ደም ሸጠ» ይባላል። ይመለሳሉ፣ ደጅ ይጠናሉ፣ «ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ እመቤታችን» ይላሉ። በመጨረሻ ካሳ ይቆረጣል፣ ገዳዩ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ እግር ሥር ይወድቃል። ልብ ብለህ ካየህ የሟች ቤተሰብ ለገዳዩ አልተሸነፈም። የተሸነፈው ለመስቀሉና ለሽበቱ ነው። ለፈጣሪ ብሎ የተወ ሰው ፈሪ አይባልም። ሁለት ምርጫ ብቻ ለነበረው ሰው ሽማግሌዎቹ ሦስተኛ ፈጥረውለታል፣ ያውም በዚያው በተመልካቹ ሰፈር ፊት። አንዳንዴ እርቁን ለማጥበቅ ከሁለቱ ወገን ልጆች ይጋቡ ነበር። ልጅቱን ማን ጠየቃት የሚለውን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

አልባኒያ ተራሮች ላይ ብትሄድ ደግሞ የምታውቀው ነገር ይገጥምሃል። እዚያ ካኑን የሚባል ያልተጻፈ ሕግ ለዘመናት ደምን ሲመራ ኖሯል። ደመኛን ቤቱ ውስጥ መግደል ነውር ነው፣ ሴት አትነካም። «ቤሳ» የሚባል ቃል ኪዳን ከተሰጠ ደመኛህም ቢሆን በሰላም ይሄዳል፣ ይመጣል። ኮሚኒስቶቹ አፍነውት ነበር። በ1990ዎቹ መንግሥት ሲዳከም ደሙ ተመልሶ መጣ፤ ወንዶች ልጆች ትምህርት ትተው ቤት ተዘግቶባቸው የተቀመጡባቸው ቤተሰቦች ነበሩ። መንግሥት ሲርቅ ሰው ራሱ ወደሚያውቀው ጥበቃ ይመለሳል።

የተማረ ሰውማ ይህን አያደርግም?

ያደርጋል። አሌክሳንደር ፑሽኪንን ውሰድ። የእኛ ሰው ስሙን ያውቀዋል፤ ቅድመ አያቱ አብራም ጋኒባል አፍሪካዊ ነበር፣ ከእኛው አካባቢ ነው የሚሉ አሉ፣ ከካሜሩን በኩል ነው የሚሉም አሉ። በ1836 መጨረሻ ሚስቱ ቀበጠችበት የሚል ፌዝ የሞላበት፣ ስም የሌለው ደብዳቤ ለእሱም ለወዳጆቹም ደረሰ። ጥርጣሬው ዳንቴስ የተባለ ፈረንሳዊ መኮንን ላይ ወደቀ። ዳንቴስ ነገሩን ለማብረድም ይሁን ለሌላ የፑሽኪንን ሚስት እህት አገባ፤ ዋርሳ ሆኑ ማለት ነው። አልበረደም። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1837 ሴንት ፒተርስበርግ ዳርቻ በረዶ ላይ ተገናኙ። ዳንቴስ ቀድሞ ተኩሶ ሆዱን መታው። ፑሽኪን በረዶው ላይ እንደወደቀ ተኮሰና እጁን አቆሰለው። ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። ዕድሜው 37 ነበር።

ይሄ ዱኤል ይባላል። ሁለት ሰዎች ቀጠሮ ይዘው፣ ምስክር አቁመው፣ በእኩል መሣሪያ የሚገናኙበት ነው። ከእኛ ደም ጋር ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ከጥሻ መተኮስ የለም፣ ወንድሙን ፈልጎ መግደልም የለም። ዋናው ቁም ነገር መግደልም አልነበረም፤ ቀጠሮው ላይ መገኘት ነው። ደግሞ ዱኤል ከእኩያ ጋር ብቻ ነው። አሽከር ቢሰድብህ ክብርህ አይጎድልም፤ ምክንያቱም እሱ ለመስጠትም ለመንጠቅም አቅም የለውም ተብሎ ይታሰባል።

አሜሪካ ውስጥ አሌክሳንደር ሃሚልተን የሚባል፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር፣ በ1804 ከምክትል ፕሬዚዳንቱ አሮን በር ጋር ዱኤል ገጥሞ ሞተ። ልጁ በ1801 በዱኤል ሞቶበት ነበር። ከግጥሚያው በፊት ትቶት በሄደው ጽሑፍ ላይ ዱኤልን በሃይማኖትም በሕሊናም እንደሚቃወም ገልጿል። ታዲያ ለምን ሄደ? ካልሄደ ወደፊት በአገር ጉዳይ የሚሰማው ሰው እንደማያገኝ አሰበ። የማያምንበትን ነገር ሌሎች ስለሚያምኑበት አደረገው። ጠላ ቤት ዓይን የሚዞርበት ልጅ ይህን ሰውዬ በደንብ የሚረዳው ይመስለኛል።

ክብር ሁልጊዜ የራስ ነው?

ጃፓን ውስጥ የጌታህም ነው። በ1701 አሳኖ የተባለ ሹም በቤተ መንግሥት ውስጥ ኪራ የተባለን ባለሥልጣን በሰይፍ ስላቆሰለ በዚያው ቀን ራሱን እንዲገድል ተፈረደበት። ወታደሮቹ ጌታ አልባ ሆነው ተበተኑ። ወደ ሁለት ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ 47ቱ ሌሊት ገብተው የኪራን ራስ ቆርጠው ወሰዱ፣ የጌታቸው የአሳኖ መቃብር ላይም አስቀመጡለት። መንግሥት ግራ ገባው። ለጌታ መታመን ትልቁ ክብር ነው፣ ሕግ መጣስ ደግሞ ሞት ያስፈርዳል። እንደ ወንበዴ አልተሰየፉም፤ በገዛ እጃቸው፣ እንደ ሳሙራይ እንዲሞቱ ተፈቀደላቸው። መቃብራቸው ቶኪዮ ውስጥ ዛሬም ዕጣን አይጠፋበትም። አንድ ፍርድ ሁለቱንም ማክበር መቻሉ ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚገርመው ክፍል ነው።

ሁለት የክብር ደንቦች ሲጋጩስ?

መቅደላ ይሆናል። በ1855 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ወዳጅነት ፈልጎ ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፈ። ለንደን ውስጥ ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ቆይቶ ፋይል ውስጥ ቀረ። ለጸሐፊዎቹ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ወረቀት ነው። ለእሱ ግን ንጉሥ ለንግሥት ጽፎ መልስ መነፈግ ነው፣ መኳንንቱ ሁሉ እያወቁ። በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉን ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰረ። ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ መጣ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ስቅለት ዕለት፣ የቴዎድሮስ ጦር እሮጌ ላይ ተመታ። ናፒየር እጅህን ስጥ፣ እስረኞቹን ልቀቅ፣ አንተም ቤተሰብህም በክብር ትያዛላችሁ ብሎ ላከበት። የጊዜው ጸሐፊዎች እንደመዘገቡት ቴዎድሮስ ይህ በክብር መያዝ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ጠላቶቼን እንዳሸንፍ ያግዙኛል? ወይስ እስረኛ ያደርጉኛል? ለእንግሊዙ በክብር የተያዘ ምርኮኛ ማለት ይቻላል፣ አውሮፓ ውስጥ የተለመደ ነው። ለቋራው ሰው ምርኮና ክብር አንድ ቤት አያድሩም።

ቀጥሎ ያደረገውን ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ፋሲካ ሲሆን ለናፒየር 1 ሺህ ላምና 500 በግ ላከ። ተቀብሎታል ሲባል እፎይ አለ፤ የፋሲካ በግ ተልኮልህ ከተቀበልክ በቃ ታርቀሃል። ናፒየር ግን ጦርነቱ ሳያልቅ ከጠላት ስጦታ የሚቀበል ሰው አልነበረም። ከብቱ አለመወሰዱን ሲሰማ ቴዎድሮስ ነገሩ ገባው። ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች ምሽጉን ጥሰው ሲገቡ ሽጉጡን ጠጣ። ሽጉጡ ራሱ ከቪክቶሪያ በስጦታ የተላከለት ነበር።

አንድ ነገር መዝለል አልችልም። ይሄው ንጉሥ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘርፎ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጥሏል። ዛሬ ሐውልቱ ከተማዋ መሃል ቆሟል፣ ሠርገኛም ፎቶ ይነሳበታል። የሙት ክብርም ይጨምራል፣ ይቀንሳል፤ ተመልካቹ ሲቀየር ሒሳቡም ይቀየራል።

ሴቶችስ የት አሉ?

እስካሁን ያነሳነው ሁሉ ወንድ ነው። በአብዛኞቹ እነዚህ ደንቦች ወንድ ክብሩን በሚሠራው ሥራ ያገኛል፣ ሴት ግን የአባቷንና የወንድሟን ክብር በሰውነቷ ላይ ተሸክማ እንድትኖር ይደረጋል። ብር አምባር ተሰበረ ተብሎ ደም የነካው ጨርቅ በሚዜዎች ጭፈራ ወደ ሙሽሪት ወላጆች ይሄድ ነበር። ጨርቁ ካልመጣ አባት አንገቱን ይደፋል። እሷ እንዴት አደረች ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ጠለፋም ከዚሁ ይመጣል። «አንዴ ወስዷታል፣ እንግዲህ ማን ያገባታል፣ ይታረቁ» የሚሉት እነዚያው ከላይ ያደነቅኳቸው ሽማግሌዎች ናቸው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ያገባትን ጠላፊ ከቅጣት ያድን ነበር። የ1996ቱ ሕግ አንቀጽ 587 ይህን ሰረዘው፤ ጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት ይታሰራል፣ በኋላ ቢያገባትም አያመልጥም።

ጣሊያንም ብዙ አልቀደመችንም። ሲሲሊ ውስጥ ፍራንካ ቪዮላ የተባለች የ17 ዓመት ልጅ በ1965 መጨረሻ ተጠለፈች፣ ተደፈረች። ካገባችው ወንጀሉ ይሰረዛል፣ የቤቱም ስም ይመለሳል። እምቢ አለች። አባቷ ከጎኗ ቆመ፣ ጎተራቸውና የወይን ማሳቸው ተቃጠለ። በ1966 ጠላፊው ተፈረደበት። ሕጉ የተሻረው ግን በ1981 ነው። «ለክብር» ብሎ ሚስቱን ወይም እህቱን ለገደለ ቅጣት የሚያቀልለው አንቀጽም የተሻረው ያኔ ነው።

ታዲያ እንዴት ነው የሚለወጠው?

ሕግ ብቻውን ብዙ አይገፋም። ዱኤል ፑሽኪን ሲሞት ሩሲያ ውስጥ ክልክል ነበር። ቻይና ውስጥ የሴት ልጅ እግር እንዲያንስ በጨርቅ ጠፍሮ ማሰርን የማንቹ ነገሥታት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊከለክሉ ሞክረው አልሆነም። የታሰረ እግር የሌላት ልጅ ባል አታገኝም፣ ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊተወው አይችልም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን ማኅበሮች ተቋቋሙ። አባላቱ የሴት ልጃቸውን እግር ላለማሰር ቃል ገቡ፣ ወንድ ልጃቸውንም እግሯ ለታሰረ ላለመዳር። ሁለተኛው ቃል ነው ሥራውን የሠራው። ያልታሰረች ልጅ ባል አገኘች። ሺህ ዓመት ገደማ የቆየ ልማድ በአንድና ሁለት ትውልድ አለቀ።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ዱኤልን ያሳፈረው ሳቅ ነው። የመኳንንት ወግ የነበረውን ባለሱቁም መግጠም ሲጀምር፣ ጋዜጣም ሲያፌዝበት፣ መኳንንቱ አፈሩበት። በ1852 እንግሊዝ ምድር ላይ የመጨረሻው ሰው በዱኤል ሲሞት ተጋጣሚዎቹ ፈረንሳውያን ስደተኞች ነበሩ።

በሁለቱም አገር ሰው ክብር መፈለጉን አልተወም፤ ተመልካቹ የሚያጨበጭበው ለሌላ ነገር ሆነ። ፌስቡክና ቲክቶክ ደግሞ ተመልካቹን አብዝተውታል። ድሮ ስድብህን የሰማው አንድ ጠላ ቤት ነበር። አሁን ላይቭ ገብቶ የሚሰድብህን ዱባይና ዋሽንግተን ያለ ዘመድህ ሁሉ ያየዋል፣ እሱም «ዝም ልትል ነው?» ብሎ ይደውላል።

ሽማግሌ ካስታረቀ የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ይቀራል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስም ማጥፋትና ስድብ (የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 613 እና 615) በተበዳዩ አቤቱታ የሚሄዱ ስለሆኑ እርቅ ሊያስቆማቸው ይችላል። ግድያ ግን የመንግሥት ክስ ነው። የሟች ቤተሰብ «ታርቀናል» ቢልም ዐቃቤ ሕግ ይቀጥላል፤ ካሳ መክፈሉና መጸጸቱ ቅጣት ማቅለያ ሊሆን ይችላል እንጂ ነፃ አያወጣም። ተራ ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል፣ ከባዱ በአንቀጽ 539 ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። በድንገት ክፉኛ ተነክቶ በንዴት የገደለን አንቀጽ 541 በቀላል እስራት፣ እስከ 5 ዓመት፣ ያልፈዋል። ሕጉ ትኩስ ንዴትን ይረዳል ማለት ነው። ዓመታት ቆጥሮ፣ ጠመንጃ ወልውሎ የጠበቀን ደም መላሽ ግን አይረዳም።

ተቃራኒውም እውነት ነው። ፍርድ ቤት ፈረደ ማለት ደሙ ደረቀ ማለት አይደለም። ሰውዬው 15 ዓመት ታስሮ ሲወጣ፣ ያኔ ሕፃን የነበረው የሟች ልጅ ጎረምሳ ሆኗል። ስለዚህ እርቁ ከመፈታቱ በፊት ቢያልቅ ይመረጣል። ካላለቀ ከማረሚያ ቤት በር ላይ የሚፈልገው መኪና ወደ ቀዬው የሚሄደውን ሳይሆን ወደ መተማ ወይም ወደ ሑመራ የሚሄደውን ነው።